በኢንተርኔት መደወልና ሕጉ፦ ሐዋሳ ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ስልክ ጥገና ላይ ስትሠራ ከስክሪንና ከባትሪ ይልቅ ስለ መደወል ነው የምትጠየቀው። ሐዋሳ ውስጥ ልጁ አረብ አገር፣ ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ወይም አክስቱ አሜሪካ ያልሄደችበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። ጥያቄውም ያው ነው። ኢሞ ክልክል ነው እንዴ? ዱባይ ለምን አይሠራም? ከውጭ ሲደወል ለምን የዚህ አገር ቁጥር ይወጣል? ለእያንዳንዱ ሰው ቆሜ ከማስረዳ አንድ ላይ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። ዓ.ም. ያልኩት የእኛ አቆጣጠር ነው፤ የውጭውን እ.ኤ.አ. ብዬዋለሁ።

በኢሞ፣ በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም መደወል ወንጀል ነው?

አይደለም። ደውሉ።

ፍርሃቱ ግን ከባዶ አልተነሳም፤ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 የ1989ኙን የቴሌኮሙኒኬሽን አዋጅ ቁጥር 49 ሲያሻሽል በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም መጠቀምንም ከለከለ። ኢንተርኔት ቤቶች ከውስጠኛው ክፍል በድብቅ የሚያስደውሉበትን ጊዜ የምታስታውሱ አላችሁ። ከዚያ በ2004 ዓ.ም. የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 መጣ። እሱ ደግሞ ቅጣቱን በቁጥር አስቀመጠው፦ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጥ ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራትና ካገኘው ገቢ አምስት እጥፍ መቀጮ፣ አገልግሎቱን ያገኘው ሰው ደግሞ ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እስራትና ከ2,500 እስከ 20,000 ብር መቀጮ።

ሰው የደነገጠው በዚያች የመጨረሻዋ መስመር ነው። «አገልግሎቱን ያገኘ» ሲባል ሁሉም ራሱን አሰበ። የውጭ ሚዲያዎችም በስካይፕ የደወለ 15 ዓመት ሊታሰር ነው ብለው ጻፉ። መንግሥት ያኔውኑ ወጥቶ ዒላማው ጥሪ እየሸጡ ገንዘብ የሚሰበስቡት እንጂ ቤቱ ቁጭ ብሎ በስካይፕ ዘመዱን የሚያናግር ሰው አይደለም አለ። ማብራሪያው ግን ወሬው የደረሰበት ሁሉ አልደረሰም። ስካይፕ ራሱ በ2025 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፣ ፍርሃቱ ግን ዛሬም አለ። ልጃቸውን በቪዲዮ ለማየት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩ እናቶች አሁንም አሉ፤ ይሄ ያሳዝነኛል። ሕግ ሲጻፍ ተራው ሰው በሚገባው ቋንቋ ካልተነገረ የሚጎዳው ምንም ያላጠፋው ነው።

ታዲያ ሕጉ የሚቆጣጠረው ምኑን ነው?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

ሁለት ዓይነት ጥሪ አለ። አንዱ ከአፕ ወደ አፕ ነው። አንቺም ዋትሳፕ፣ እሷም ዋትሳፕ። ድምፃችሁ ከመነሻው እስከ መድረሻው ዳታ ሆኖ ይሄዳል፤ ዳታውን ደግሞ ከፍላችሁ ገዝታችሁታል። ሌላው ከአፕ ወደ ስልክ ቁጥር ነው። አሜሪካ ያለ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ይደውላል፣ እዚህ አቶቴ አያቱ ቤት ደግሞ በ046 የሚጀምረው የቤት ስልክ ይጮሃል። አያቱ ኢንተርኔት የላቸውም። መሀል ላይ የሆነ ቦታ ያ ድምፅ ከኢንተርኔት ወጥቶ ወደ ስልክ መስመር ገብቷል ማለት ነው። ተቆጣጣሪዎች አጥብቀው የሚይዙት ያንን መገናኛ ነው፤ ማን ነው ያስገባው፣ ፈቃድ አለው ወይ፣ ለመስመሩ ባለቤት ከፍሏል ወይ፣ የሚታየው ቁጥር የማን ነው፣ ችግር ቢፈጠር ማን ይጠየቃል።

ይሄ የእኛ አገር ፈሊጥ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ኤፍሲሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ፍሪ ወርልድ ዳያልአፕ የሚባለውን፣ የኢንተርኔት ተጠቃሚዎችን እርስ በርስ ብቻ የሚያገናኝ ነፃ አገልግሎት፣ እንደ ስልክ ኩባንያ አንቆጥረውም ብሎ ወሰነ። ከመደበኛው ስልክ ጋር በሚገናኙት ላይ ግን ግዴታ እየጨመረ ሄደ። በ2005 እ.ኤ.አ. የድንገተኛ ጥሪ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ለገጠርና ለድሃ የስልክ ተጠቃሚዎች የሚውል መዋጮ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ደንበኛው ቁጥሩን ይዞ ወደ ሌላ ኩባንያ የመሄድ መብት።

እኛ ጋ በ2011 ዓ.ም. የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ወጥቶ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ፣ የድሮውን አዋጅ ቁጥር 49ም ሻረ። ገበያው ተከፈተ፣ ሳፋሪኮምም በዚያው በር ገባ። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት ለሕዝብ መስጠት የሚፈልግ ፈቃድ የሚጠይቀው ከባለሥልጣኑ ነው። ስለዚህ «በኢንተርኔት ነው ወይስ በስልክ?» ብላችሁ ከመጀመር «ለሌላ ሰው እየሸጥኩ ነው ወይ? ወደ ስልክ ቁጥር እያስገባሁ ነው ወይ?» ብላችሁ ጀምሩ። ለሁለቱም መልሳችሁ አይደለም ከሆነ በሰላም አውሩ። ለአንዱ እንኳ አዎ ካላችሁ አንድ ሳንቲም ከመቀበላችሁ በፊት ባለሥልጣኑን ጠይቁ።

ከውጭ ሲደወልልኝ 09 ወይም 07 የሚጀምር ቁጥር ለምን ይወጣል?

ሲም ቦክስ ነው። በዚህ ነገር ብዙ ሰው ሳያውቅ ስለሚጎዳ ረዘም አድርጌ ልናገር።

አንድ ሰው ከውጭ አገር ወደ 251 ሲደውል፣ የእሱ የስልክ ኩባንያ ጥሪውን እዚህ ለሚያደርሰው ኩባንያ በደቂቃ ሒሳብ በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል። ክፍያው ከአገር ውስጥ ጥሪ ዋጋ ይበልጣል። ልዩነቱን ያዩ ሰዎች አንድ መሣሪያ ያመጣሉ። ብዙ ሲም ካርድ የሚሰካበት ሣጥን ነው፣ አንድ ተከራይ ቤት ጥግ ላይ ኢንተርኔት ተሰክቶለት ቁጭ ይላል። ጥሪው ከውጭ በኢንተርኔት ይመጣል፣ ሣጥኑ ውስጥ ካሉት ሲሞች በአንዱ ይወጣና የአገር ውስጥ ጥሪ መስሎ እናንተ ጋ ይደውላል። በውጭ ምንዛሪ መከፈል የነበረበት ጥሪ በአገር ውስጥ ታሪፍ አለፈ ማለት ነው። ልዩነቱ መሀል ላይ ያሉት ሰዎች ኪስ ይገባል።

እናንተ ጋ ምልክቱ ግልጽ ነው። ወንድማችሁ ከጆሃንስበርግ ነው የደወለው፣ የወጣው ግን የማታውቁት የኢትዮጵያ ቁጥር ነው። ድምፁ ይዘገያል፣ እየተቆራረጠ ይመጣል። መልሳችሁ ወደዚያው ቁጥር ስትደውሉ ወይ አይነሳም ወይ ዝግ ነው። በነጋታው ሲደውል ደግሞ ሌላ ቁጥር ይወጣል። ወንድማችሁ ምንም አላጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ የጥሪ ካርድ ወይም አፕ ነው የገዛው፣ መሀል ላይ ማን እንዳስገባው አያውቅም።

የ2004ቱ አዋጅ የኦፕሬተሩን መሠረተ ልማት አልፎ እንዲህ ዓይነት አገልግሎት ለሚሰጥ ያስቀመጠው ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራትና የገቢው አሥር እጥፍ መቀጮ ነው። ኩባንያዎቹ የሚይዟቸው በጥሪ አመላለሱ ነው። የተለመደ ሲም ይደውላል፣ ይደወልለታል፣ ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ ይንቀሳቀሳል። የሣጥን ሲም ግን ከቦታው አይነሳም፣ ማንም አይደውልለትም፣ ቀኑን ሙሉ ለማይገናኙ ሰዎች ብቻ ይደውላል። እንዲህ ዓይነት ጥሪ ከመጣባችሁ ቁጥሩንና ሰዓቱን ይዛችሁ ለኦፕሬተራችሁ ንገሩ፦ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ሳፋሪኮም 700።

አንድ ጓደኛዬ ሲም ካርድ በስምህ አውጣልኝ፣ እከፍልሃለሁ አለኝ። ችግር አለው?

አለው። አታውጣ።

ሲም ቦክስ ያለ ሲም አይሠራም፣ ሲም ደግሞ ያለ መታወቂያ አይወጣም። ስለዚህ ሲም የሚሰበስቡት ሰዎች ገንዘብ የቸገረው ወጣት ይፈልጋሉ። ተማሪ፣ ሥራ ፈላጊ፣ ከገጠር አዲስ የመጣ። ለአንድ ሲም ትንሽ ብር ይሰጡታል፣ እሱም «ስልክ ነው፣ ምን ያመጣል» ይላል። ሣጥኑ ሲያዝ ግን ፖሊስ መጀመሪያ የሚያገኘው ስም የዚያን ልጅ ነው። ፋይዳችሁንም ሆነ የቀበሌ መታወቂያችሁን ለማንም ለሲም ማውጫ አትስጡ፣ ጓደኛም ቢሆን፣ የሥጋ ዘመድም ቢሆን። ከዚህ በፊት ሰጥታችሁ ከሆነ የኩባንያው አገልግሎት ማዕከል ሄዳችሁ በስማችሁ የተመዘገቡትን ቁጥሮች አስታዩ፣ የማትጠቀሙበትን አዘጉ። ዛሬ ይሁን።

እህቴ ዱባይ ነች። በዋትሳፕ መልእክት ትልካለች፣ ስትደውል ግን አይሠራም። ስልኳ ነው የተበላሸው?

ስልኳ ደህና ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ተቆጣጣሪ በኢንተርኔት የድምፅ ጥሪ የሚሰጠው ፈቃድ ባላቸው ኩባንያዎች፣ ማለትም በኢትሳላትና በዱ በኩል ብቻ ነው ብሎ ደንግጓል። ስለዚህ የዋትሳፕ ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ያልፋል፣ ጥሪው ግን ይዘጋል። የተፈቀዱ አፖች አሉ፤ የእኛ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙት ቦቲምን ነው።

ብዙ ሰው ወዲያው ቪፒኤን፣ ማለትም እገዳውን የሚያሳልፍ አፕ፣ አውርጂ ይላታል። እባካችሁ ሳታስቡ አትምከሯት። እዚያ አገር ቪፒኤን መያዝ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ግን ወንጀል ለመሥራት ወይም ለመደበቅ ከተጠቀምሽበት መቀጮው ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ነው፣ እስራትም አለው። የተከለከለ ጥሪን በቪፒኤን ማለፍ የዚህ ሕግ ጣጣ ውስጥ ሊከታት ይችላል። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ይህን ያህል ገንዘብ ዕድሜ ልኳን ሠርታም አታገኘውም። የአሠሪ እጅ ላይ ያለች ሴት ላይ ደግሞ ማንኛውም ሰበብ ሰበብ ነው። እውነቱን ለመናገር የዚህ ደንብ ሸክም ያረፈው ባለሀብቱ ላይ አይደለም፣ ከእናቷ ጋር ለማውራት በወር አንዴ ዕድል የምታገኘው ሠራተኛ ላይ ነው።

የምትሄድ ሰው ቤታችሁ ካለች ከመብረሯ በፊት ቦቲምን በእሷም በእናንተም ስልክ ጫኑ። እዚሁ ሆናችሁ ሞክሩት። እዚያ ከደረሰች በኋላ ለእናት በስልክ «አፑን እንዲህ አድርጊ» ብሎ ማስረዳት በጣም ይከብዳል። መደወል ካልተቻለ የድምፅ መልእክት በደንብ ይሠራል።

ሳዑዲስ? ደቡብ አፍሪካስ?

ሳዑዲ የኢንተርኔት ጥሪ እገዳውን በመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. አንስታለች፣ የተቆጣጣሪውን መስፈርት ለሚያሟሉ አፖች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ችግር የለም። እነሱም ድሮ ከዋናው የስልክ ኩባንያ ውጭ ያሉ ድርጅቶች በኢንተርኔት ድምፅ እንዳያስተላልፉ ይከለክሉ ነበር፤ ከየካቲት 1 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው የፈቀዱት።

የቤት ስልኩንና መደበኛ ካርድ መሙላትን ትቼ በአፕ ብቻ ብኖርስ?

አይሆንም፣ ቢያንስ አሁን አይሆንም። በዋትሳፕ 907 ብላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት አትችሉም። 991 ብላችሁ ፖሊስም እንደዚያው። አፖቹ የድንገተኛ ጥሪ አያስተናግዱም፣ የአጠቃቀም ውላቸው ላይም ጽፈውታል።

አሜሪካ ይህን በመከራ ነው የተማረችው። በ2005 እ.ኤ.አ. ሂውስተን ውስጥ ሌቦች ገብተው ወላጆቿን በጥይት ሲመቱ አንዲት ልጅ በኢንተርኔት ስልክ 911 ደወለች፣ ጥሪው አልደረሰም። ጎረቤት ሄዳ ነው እርዳታ የተጠራው። ቴክሳስ ኩባንያውን ከሰሰች፣ ኤፍሲሲም በዚያው ዓመት ከመደበኛው ስልክ ጋር የሚገናኙ የኢንተርኔት ስልክ ኩባንያዎች 911ን ከነአድራሻው እንዲያደርሱ በ120 ቀን ውስጥ አስተካክሉ አለ። ደንብ ቢሮክራሲ ብቻ ለሚመስላቸው ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜም አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲጠፋ በአፕ ብቻ የሚገናኝ ቤተሰብ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። የዘመዶቻችሁን መደበኛ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ትንሽ ካርድም ይኑራችሁ።

የአሜሪካ ቁጥር ያለው ሰው ደወለልኝ። አሜሪካ ነው ያለው ማለት ነው?

በፍጹም። በኢንተርኔት የአሜሪካ ቁጥር ገዝቶ ከየትም መደወል ይቻላል። ቁጥሩ ሰውዬው የት እንዳለ አይነግራችሁም፣ ማን እንደሆነም አይነግራችሁም። አሜሪካኖቹ ይህ አስመርሯቸው ትልልቆቹ ኩባንያዎች፣ የኢንተርኔት ስልክ ሰጪዎችንም ጨምሮ፣ የደዋዩ ቁጥር እውነተኛ መሆኑን በዲጂታል ፊርማ እንዲያረጋግጡ ከሰኔ 30 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስገድደዋል። ግን ያ የአሜሪካ ውስጥ ደንብ ነው፣ የሚያረጋግጠውም ቁጥሩን እንጂ የሰውዬውን ሐቀኝነት አይደለም።

«ዲቪ ደርሶሃል፣ ገንዘብ ላክ» ብሎ የሚደውል ሁሉ ሌባ ነው። የዲቪ ውጤት የሚታየው በድረ ገጹ ላይ ነው፣ ማንም አይደውልም። ዝጉበት።

ሆቴል አለኝ፣ ለእንግዳ ክፍሎች የኢንተርኔት ስልክ ላስገባ ብል ይፈቀዳል?

ከሪሴፕሽን ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ወጥ ቤት በራሳችሁ ኔትወርክ ማገናኘት የራሳችሁ የውስጥ ጉዳይ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሁለት ቦታ ላይ ነው።

አንዱ ዕቃው ነው። የቴሌኮም መሣሪያ ወደ አገር ሲገባ በባለሥልጣኑ ዓይነቱ የተፈቀደ መሆን አለበት፤ የምትገዙበትን ነጋዴ ማረጋገጫውን አሳየኝ በሉት። በተለይ ብዙ ሲም የሚሰካበት መሣሪያ ርካሽ ነው ተብላችሁ እንዳታስገቡ፣ ከላይ ያልኩት ሣጥን እሱ ነው፣ ለበጎ ነው ያመጣሁት ብትሉ ማስረዳቱ ቀላል አይሆንም። ሌላው ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ነው። ከባለፈቃድ ኦፕሬተር ለድርጅት የሚሆን መስመር ጠይቁ፣ ውሉንም በድርጅቱ ስም አድርጉት። እንግዳ ከክፍሉ በአፑ በዋይፋያችሁ ቢደውል ግን የእናንተ ሽያጭ አይደለም፣ አትጨነቁ።

ጥሪው ይቆራረጣል። ኩባንያው ሆን ብሎ ነው የሚያደርገው?

ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን እዩ። የድምፅ ጥሪ ብዙ ፍጥነት አይፈልግም፤ የቢሮ ስልኮች የሚጠቀሙበት የተለመደው የድምፅ አሠራር እንኳ ከነጭማሪው በሰከንድ 87 ኪሎቢት አካባቢ ነው የሚወስደው። የሚያበላሸው መዘግየትና መቆራረጥ ነው። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ሞክሩ፣ ከዚያ በተቃራኒው። ማታ ሁሉም ሰው ቪዲዮ በሚያይበት ሰዓትና ጠዋት በማለዳ አወዳድሩ። ቪዲዮውን አጥፉትና በድምፅ ብቻ አውሩ። አንድ አፕ ብቻ ሁልጊዜ እየተቆራረጠ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ ያኔ ማስረጃ ይዛችሁ ጠይቁ።

የማወራው ይሰማል?

ዋትሳፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልእክቱንም ጥሪውንም ከሁለቱ ተነጋጋሪዎች በቀር ማንም እንዳይሰማው አድርጎ ይቆልፋል። መደበኛው የስልክ ጥሪ እንደዚያ አይደለም፣ በኦፕሬተሩ ውስጥ ነው የሚያልፈው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክ የምናደርገውን ግንኙነት ጭምር ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ እሱንም የሚያስፈጽመው ይኸው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ግን ስልካችሁን ራሱን ክፍት አድርጋችሁ ለሰው ከሰጣችሁ የትኛውም ቁልፍ አያድናችሁም። ለጥገና ስታመጡ እንኳ የይለፍ ቃሉን ከመስጠታችሁ በፊት ለምን እንደሚፈለግ ጠይቁ።

ቅሬታ ካለኝ የት ልሂድ?

መጀመሪያ ወደ ራሱ ኩባንያ። በስልክም ቢሆን፣ ሐዋሳ ያለው አገልግሎት ማዕከልም ሄዳችሁ ቢሆን ቅሬታው መመዝገቡን አረጋግጡ፣ የተመዘገበበትን ቁጥርም ተቀበሉ። ካልተመለሰላችሁ ወይም መልሱ ካላረካችሁ ወደ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ትወስዱታላችሁ። ያኔ የሚያስፈልጋችሁ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የደወላችሁበት ወይም የተደወለላችሁ ቁጥር፣ የከፈላችሁበት መልእክትና ያ የቅሬታ ቁጥር ነው። የስክሪኑን ፎቶ አንሱና ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት፣ ስልኩ ቢጠፋ እንኳ አይጠፋም። በቃል ብቻ «አስቸገሩኝ» ብሎ የሄደ ሰው ተመልሶ ሲመጣ አይቻለሁ፣ ወረቀት ይዞ የሄደው ግን ጉዳዩ ይታይለታል።